የማናህሎኝ ቆሽት

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 9 ሰ. ገደማ።

አንዱን በግ ገፍፌ ጨረስኩ፤ ሌላው እየጠበቀኝ ነው። እጄን ታጥቤ ነው የያዝኩሽ፣ ደብተር፤ ጮማው ግን በውኃ ብቻ አይለቅም፤ ቻይው። ነገ ፋሲካ። የሰቆጣ ሰው ሁለት ወር ሽሮ ሲያማስል ከርሞ ዛሬ እኔን ፍለጋ ይራወጣል። ከግቢ ግቢ እየዞርኩ አርዳለሁ፣ እገፍፋለሁ፣ እበልታለሁ። እንደኔ ቆዳ ሳይበሳ የሚገፍፍ በዋግ የለም። ከዋግ ወጥቼ ስለማላውቅ ስለሌላው አገር አልምልም። እዚያም ያለ ግን አይመስለኝም።

ማናህሎኝ ከኋላዬ አይለይም። ውሻዬ ነው። ቀን ከኔ ጋር ይውላል፣ ማታ የሙሉን ፍየሎች ይጠብቃል። ሙሉ ሚስቴ ናት። ይሄ ስም ለውሻው ነው ወይስ ላንተ ትለኛለች። ለሁለታችንም ይበቃል እላታለሁ።

እሱም ጾሙን ጾሟል። ሥጋ የማይገባበት ከተማ ለውሻ ምን ይጥላል? ዛሬ ተካሰ። በየግቢው ጮማ፣ አንጀት፣ ስብ። እኔም መዳፌን የሚያክል የላት ቁራጭ ወረወርኩለት። ሳያላምጥ ዋጠው። አጨበጨብንለት።

አማቴ እማማ ትርንጎ የኛን በግ ሞራ ብርሃን ላይ ዘርግተው አዩት፤ እንደ ድሮ ሰው። ምን ታየዎት ብዬ ጠየቅኳቸው። ለራሳቸው በኽምጣና የሆነ ነገር አሉና ሞራውን ለውሻው ጣሉት። ኽምጣና ግማሹን ነው የምሰማው፤ ይሄ ከማልሰማው ግማሽ ነበር። አባታቸው ሞራ ያነብ ነበር አሉ። እኔ ፊደል አነባለሁ። የማታ ትምህርቱን የጨረስኩት አንደኛ ወጥቼ ነው። እሺ፣ ሁለተኛ። አንደኛ የወጣችው ሴትዮ ግን ድሮም ፊደል የቆጠረች ናት፤ እሷ አትቆጠርም።

እየተጠራሁ ነው።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ።

በላን። ጠጣን። ቤቱ ሰው በሰው ነው። ማናህሎኝ ብቻ አልበላም። ቅልጥም ጣልኩለት፤ አሸተተ፤ ፊቱን አዞረ። ጥጋብ ነው አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ግቢው መሐል ቆመ። የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን መሬት አስነካ፤ ወገቡ ወደ ላይ እንደቆመ። እንደዚያው ቆየ። "ስግደቱ እኮ በስቅለት አለቀ፤ አንተ ዛሬ ነው የነቃኸው?" አልኩት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እማማ ትርንጎ አልሳቁም። ጣሳቸውን አስቀምጠው ውሻውን ያያሉ።

ሳቃችን አለቀ። እሱ አልተነሣም።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ። ጧት።

ያስመልሰዋል። መጀመሪያ ጮማ፣ ቀጥሎ ቢጫ ውኃ፣ ቀጥሎ ምንም። ባዶውን ይንጠዋል። ሆዱን ስነካው አጉረመረመብኝ። በኔ ላይ! ከቡችላነቱ ጀምሮ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም።

ሌሊቱን አልጮኸም። ከአጥሩ ሥር ግን የጅብ ዱካ አለ። ሙሉ በእግሯ ታጠፋዋለች፣ እኔ እንዳላይ። አይቼዋለሁ። እንዳላየሁ ሆንኩ።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ።

እንደ ግልገል ትከሻዬ ላይ ጭኜው ወደ እንስሳት ክሊኒክ። ሰይድ ከሱቁ ብቅ አለ። ሱቁ ከኔ ሥጋ ቤት ጎን ነው። ውሻ አይነካም፤ ማናህሎኝ ግን ዓመቱን ሙሉ በሩ ላይ ሲተኛለት የኖረ ነው።

"ካሴ፣ ደግሞ ይሄን ለማን ልታርደው ነው?"

"ላንተ። ዱቤ የለም ግን።"

ሊስቅ ነበር። የውሻውን ዓይን አየና ተወው። ገብቶ ለተቅማጥ የሚበጠበጠውን ዱቄት አምጥቶ ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ።

ዶ/ር ራሔል ልጅ እግር ናት። እጇ ግን ያውቃል። ሆዱን በቀኝ በኩል ጫን ስታደርገው ማናህሎኝ ጮኸ፤ ከፋሲካ ወዲህ የሰማሁት ጩኸቱ ያ ብቻ ነው። ምን በላ አለች። ዘረዘርኩላት፤ ኩራትም ነበረበት። ላት ላይ ስደርስ ፊቷ ጠቆረ። ቆሽቱ ነው አለች። የሱ ቆሽት ሲያር የመጀመሪያው ነው፣ የኔን ግን ሙሉ በየቀኑ ታሳርረዋለች አልኩ። አልሳቀችም።

ቆሽት ጮማ የሚያሟሟ ፈሳሽ ያመነጫል አለች። ከዚያ ሁሉ ጾም በኋላ ያን ሁሉ ጮማ በአንድ ቀን ሲያገኝ ፈሳሹ እዚያው ውስጥ ይለቀቅና ቆሽቱ ራሱን መብላት ይጀምራል። ራሱን መብላት። አርጄ ገፍፌ ስንቱን ሆድ ከፍቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። በመንገድ ሁሉ ሳኝከው መጣሁ።

ደም ቀዳች። ለትምህርቷ የምታጠናው ይህንኑ ነው፦ ቆሽታቸው በታመመ ውሾች ደም ውስጥ ቫይታሚን ዲ ምን ያህል እንዳለ። ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ይገኛል አለች። በጣም ዝቅ ያለባቸው ደግሞ... ብላ ስትጀምር ቫይታሚን ዲ አውቃለሁ አልኳት። ልትቀጥል ስትል፣ ገብቶኛል ዶክተር፣ እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ አልኩ። ጣቷን ቀሰረችብኝ። ጮማ የሚባል እንዳይቀምስ፤ ውኃ በትንሽ በትንሹ። ግሉኮስ ሰቀለችለት። ደሙ በበረዶ ዕቃ ወደ ትልቅ ከተማ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ነገና ከነገ ወዲያ ፃግብጂ ወረዳ የከብት ክትባት አለባት። ዓርብ እቤት ትመጣለች።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ።

ደብተር ሆይ፣ ተቀመጪ። ዛሬ ያገኘሁትን ዩኒቨርሲቲ የገባም አላገኘው።

ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ለእናቶች የተለጠፈ ትልቅ ሥዕል አለ። ስንት ዓመት በሥሩ አልፌያለሁ፤ ሥዕል ነበር። ዛሬ ጽሑፍ ሆነ። ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ሕፃን ያዘሉት ሴቶች መንገድ ለቀቁልኝ። ቫይታሚን ዲ ከጧት ፀሐይ ይገኛል፤ ሕፃናትን በየቀኑ ፀሐይ ያሙቁ ይላል።

በቃ! ልጅቷ ደም ወደ ከተማ ትልካለች፤ መድኃኒቱ በየጧቱ ከጣራዬ በላይ ይወጣል። በነፃ።

እቤት ገብቼ አወጅኩ። ሙሉ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ አየችኝ፤ ይሁን አለች። እማማ ትርንጎን ግን ሌላ ነገር አሳሰባቸው።

"ደረቁን ነው የምታሞቀው፣ ልጄ?"

"ምን ይደረግ ታዲያ፣ እማማ?"

"ሕፃን ቅቤ ሳይቀባ ፀሐይ ይወጣል? ይችን ሚስትህን ያጠነከርኳት በምን መሰለህ?"

እውነታቸውን ነው። እዚሁ ቤት ግድግዳ ሥር ነው ሁሉን ልጆቻቸውን በየተራ ቀብተው ያሞቁት። ሐኪሟ ጮማ አትስጠው አለች እንጂ አትቀባው አላለችም፤ ያልተዋጠ ምግብ አይባልም። እንዲህ ብዬ ፈረድኩ። ዳኛ ብሆን ያምርብኝ ነበር።

ከአናቱ እስከ ጭራው ቀባነው። እማማ ትርንጎ ሆዱን በመዳፋቸው ቀስ አድርገው አሹት፣ በኽምጣና እያባበሉ። ሙሽራ መሰለ። አጥሩ ላይ ጎረቤት ተሰበሰበ። "ካሴ፣ ክርስትናው መቼ ነው?" አለ አንዱ። የክርስትና አባት እየፈለግሁ ነው፣ ወንድ ከሆንክ ግባ አልኩት።

ማናህሎኝ ፀሐዩ ላይ ተኝቶ ዓይኑን ጨፈነ። ያብለጨልጫል።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ።

ምላሱ ተመለሰ! ጧት ራሱን ሲልስ አገኘሁት። ደረቱን፣ እግሩን፣ የሚደርስበትን ሁሉ። አራት ቀን ምንም ያልቀመሰ ውሻ! ሙሉን ጠራኋት። ፊደል ማለት ይሄ ነው አልኳት። እማማ ትርንጎ የላሰውን ቦታ ደግመው ቀቡት። መልሶ ላሰው። ደግመው ቀቡት።

ሥጋ ቤት ለመጣው ሁሉ አወራሁ። አንዱ ላሜ ስትታመምብኝ ላንተ ነው የማመጣት አለኝ። አላማረበትም፤ ግን ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ውኃ አብዝቶ ጠጣ። ያው ውኃ ተመልሶ በአፉ ወጣ። ሙቀቱ ነው።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ። ከቀኑ 6 ሰ.።

ዶ/ር ራ. መጣች። ሣጥኗን ይዛ በሩ ላይ ቀጥ አለች።

"ምንድን ነው የሚሸተኝ?"

"ለጋ ቅቤ ነው" አሉ እማማ ትርንጎ። ደስ ብሏቸው። "ከጋዝጊብላ የመጣ።"

ዶክተሯ ሣጥኑን መሬት አስቀመጠች። ማናህሎኝ ግድግዳው ሥር ተጋድሟል፤ ፀጉሩ ተጣብቋል፤ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ከሌሊቱ ጀምሮ የሚያስመልሰው ጥቁር ነው። ድዱን ገልጣ አየች። ነጭ።

አልጮኸችብንም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ ብላ እንደ ተማሪ አስረዳችን። ሰው ቫይታሚን ዲ በቆዳው ከፀሐይ ይሠራል። ውሻ አይሠራም፤ የውሻ ቆዳ ለዚህ ከንቱ ነው፤ ከሚበላው ነው የሚያገኘው፣ ከጉበት፣ ከእንቁላል። ፀሐዩ የሰጠው ነገር ቢኖር ጥማት ነው። ቅቤው ደግሞ... ምላሱን አሳየችን። የቀባነውን በልቶታል። ቆሽቱ እየነደደ ቅቤ ጨመርንበት።

እማማ ትርንጎ መዳፋቸውን ገልብጠው ያያሉ። በኔ እጅ ነው? አሉ። በኔ አፍ ነው አልኳቸው፤ ያነበብኩት እኔ፣ ፈራጁ እኔ። ተነሥተው ገቡ።

በሳሙና አጠብነው። ሆዱን ስንነካው አላጉረመረመም። ጫን ብዬ ሁሉ ሞከርኩ፣ ያጉረምርም እንደሆን ብዬ። ዝም።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ።

ዳግማይ ትንሣኤ። ሰው ይጠራኛል፤ አልሄድኩም። በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፤ ከተማው ሁሉ ጮማ ጮማ ይሸታል። ሽታው አጥር ዘልሎ እንዳይገባ መከልከል ቢቻል እከለክለው ነበር።

ዶክተሯ ትናንትም ዛሬም መጥታ ግሉኮስ ሰቀለች። የሩዝ ውኃ በማንኪያ እሰጠዋለሁ። አንዳንዱን ይይዘዋል።

ቡሬዋ ፍየል የለችም። አጥሩ በታች በኩል ተቀድዷል። እሾሁ ላይ ፀጉር ቀርቷል። ሙሉ አላለቀሰችም። የቀሩትን ፍየሎች ወደ ቤት አስገብታ ከኛ ጋር አሳደረቻቸው። ለልጆቻችን ትምህርት ቤት፣ ለክረምቱ እህል፣ ለሁሉም ያሉን እነሱ ናቸው። ሌላ ውሻ ይገኛል የሚሉኝ አሉ። ቡችላ ነው የሚገኘው። ጅብ ቡችላ አይፈራም፤ ቡችላ ይበላል።

ከእማማ ትርንጎ ጋር አልተነጋገርንም። በሩን ዘግተው ይውላሉ።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ። ጧት።

ውጤቱ መጣ። ዶ/ር ራ. ልትነግረኝ እቤት ድረስ መጣች። ዝቅ ያለ ነው አለች። በጣም።

ያን ቀን አቋርጬዎት ነበር አልኳት። በጣም ዝቅ ያለባቸው ብለው ነበር። ምን ይሆናሉ?

"ብዙዎቹ አይተርፉም፣ ጋሽ ካሴ።"

ታዲያ እንሙላለት አልኩ። የጎደለ ይሞላል። ራሷን ነቀነቀች። መጉደሉ እሳቱ ይሁን አመዱ ገና አልታወቀም አለች፤ በሽታውን ያባባሰው ጉድለቱ ነው ወይስ በሽታው ነው ያጎደለው? ለዚህ ነው የምታጠናው። በግምት ቢሰጠው ግን ይህ ቫይታሚን በሽንት አይወጣም፤ በሰውነቱ ይከማቻል፣ ኩላሊቱን እንደ ኖራ ያደርቀዋል። በግምት አንነካውም አለች። አላቋረጥኳትም። እስከ መጨረሻው ሰማኋት፤ መስማት ከማንበብ ይከብዳል።

ዛሬ ወደ ጽጽቃ ትወርዳለች፤ የፍየል ክትባት። ሳምንቱን እዚያ ናት። ትንሽ ግሉኮስ ትታልኛለች፤ መርፌው ተሰክቷል፣ እንዴት እንደምሰቅለው አሳየችኝ። ካለቀና ካልተሻለው ይዘኸው ና፣ መድኃኒቱ ሁሉ ከኔ ጋር ነው አለች። ስልክ እዚያ ይሠራል ወይ አልኳት። አንዳንዴ።

የዚያው ቀን፣ ከቀኑ 10 ሰ.።

ሙሉ ከገበያ መጣች። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈታች። ብልቃጥና ስሪንጅ። ገበያ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የበሬ መድኃኒት ከሚሸጠው ሰውዬ ነው። ቫይታሚን ነው፣ ዲ አለበት፣ የወደቀ በሬ ያስነሣል ብሏታል።

ዶክተሯ የነገረችኝን ነገርኳት። እሷም የሰማችውን ነገረችኝ፦ ዶክተሯ ራሷ ጎድሏል ብላለች፤ ይኸው የጎደለው። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ?

ብልቃጡን ተቀበልኳት። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ጀምሮ ያላነበብኩት ነገር የለም፤ የጨው ማሸጊያ፣ የሱቅ በር፣ የመቃብር ድንጋይ። ይሄ ግን የፈረንጅ ፊደል ነው። አንዷንም አላውቃትም። ሰይድ ጋ ወሰድኩት። መነጽሩን አድርጎ በጣቱ እየተከተለ አነበበልኝ። ላም። በግ። ፍየል። ለእያንዳንዱ ልኩ አለ። ገለበጠው፣ መልሶ አነበበው።

"ውሻ የሚል የለውም፣ ካሴ።"

"ደህና አድርገህ እይልኝ።"

"አየሁት። የለውም።"

ተመልሼ ለሙሉ ነገርኳት። ፍየል አለ አይደል አለች፤ ፍየል አያክልም እንዴ?

ያክላል። እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ያክላል።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ። ጧት።

ሙሉ ስሪንጁን ሞልታ ማናህሎኝ አጠገብ ተንበርክካ አገኘኋት። እጇን ያዝኩ። ተጓተትን። ቀና ብሎ እንኳ አላየንም።

"ልቀቀኝ! አንተ ቅቤ ስትቀባው ማን ያዘህ?"

ደብተር፣ እኔ ካሳሁን መልስ አጣሁ፤ ዛሬ ጻፊው። ስሪንጁን ግን አልለቀቅኩም። ቅቤውን የቀባሁት አውቃለሁ ብዬ ነው፤ አሁን እንደማላውቅ እያወቅሁ አልወጋውም አልኳት። ብልቃጡን ድንጋይ ላይ ሰበርኩት። ፈሳሹ ዘይት ነው፤ መሬቱ እንኳ ቶሎ አልጠጣውም።

ሙሉ ቆማ አየችው። "እንግዲያ ዛሬ ማታ ለጅቡ አንተ ጩህበት" አለችኝና ፍየሎቹን ይዛ ወጣች።

የዚያው ቀን፣ ከምሽቱ 12 ሰ.።

የመጨረሻው ግሉኮስ አለቀ። ዶክተሯ ጋ ደወልኩ። ደወልኩ። አይሠራም።

መቆም አቅቶታል። ሲተነፍስ ጎኑ ይርገበገባል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። ባቆመ ቁጥር እኔም አቆማለሁ። ከደጅ ጅቦቹ ገና ሳይጨልም መጮህ ጀምረዋል፤ በወንዙ በኩል። ሙሉ ፍየሎቹን አስገብታ በሩን ከውስጥ በድንጋይ አስደግፋለች። እማማ ትርንጎ ከዓርብ ወዲህ ገና ዛሬ ወጡ። ቁጭ ብለው የውሻውን ጆሮ ያሻሉ፣ በደረቅ እጃቸው። ውሰደው አሉኝ። ሌላ አላሉኝም።

ወስኛለሁ። ንጋት ላይ ወደ ጽጽቃ የሚወርድ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና አለ፤ ሰይድ ነው የነገረኝ፣ የሱን ጨው የሚጭን ነው። ሹፌሩ ውሻ አይጭንም፤ ያበደ ነው ይላል፣ ተሳፋሪም ይሸሻል አለኝ። ስለዚህ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አስገባዋለሁ፤ አፉን ለአየር ከፈት አድርጌ ጋቢዬን ጣል። ምንድን ነው ካሉኝ በግ ነው እላለሁ። ሥጋ ሻጭ በግ ይዟል ቢባል ማን ይጠራጠራል? ሰይድ ሰምቶ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሁለታችንም ተውነው።

መንገዱ ላይ ቢያልፍ ያልፋል። እዚህ ቁጭ ብዬ ግን ጎኑን አልቆጥርም።

ሙሉ ከረጢቱን አጥባ ሰጠችኝ። ቢጮህ ምን ትሆናለህ አለችኝ። እውነቷን ነው፤ መኪና ላይ ውሻ ከጮኸ ሹፌሩ ሁለታችንንም በረሃ ላይ ነው የሚጥለን።

ይጩህ። አንዴ ይጩህና ይጣሉን። ተሸክሜው እወርዳለሁ።